የአዳሪ ወንዶች የዓመት ጉዞ፦ ጢስ ዓባይ መቼ፣ ጮቄ መቼ፣ ስንቁስ ስንት?

የመኝታ ቤት ተጠሪ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጎጃም ውስጥ ላለ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት የዓመቱን የጉዞ ሰሌዳ እያዘጋጀን ነው። ልጆቹ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል 60 ናቸው፤ አብሯቸው የሚሄድ አዋቂ 6። የታሰቡት ቦታዎች የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ጣና ዳር ያለው ዘጌ፣ የዘንገና ሐይቅና የጮቄ ተራራ ናቸው፤ ሁሉም የደርሶ መልስ ጉዞ ነው፣ አዳር የለም።

ኮሚቴው ያልተስማማበት ሦስት ነገር አለ። ጢስ ዓባይ በጥቅምት ይሁን በጥር? ልጆቹ በክፍላቸው ይመደቡ ወይስ ትልቅና ትንሹ ይደባለቅ? ስንቅ ከግቢ ይያዝ ወይስ መንገድ ላይ ይበላ? ደመራን፣ ገናንና ጥምቀትን አዳሪው እንዴት እንደሚያከብርም ብትጽፉልን ጥሩ ነው። እባካችሁ መጠንና ሰዓት ያለበት መልስ ስጡን፤ «እግዚአብሔር ይርዳችሁ» ብቻውን ሰሌዳ አይሞላም።

ጣና ዳር

በጥር ወስዳችሁ ልጆቹን ደረቅ ዓለት እንዳታሳዩአቸው።

ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ክረምቱ ሲሞላው ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። በበጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፣ በ2001 ሁለተኛው ተጨመረ፤ ሁለቱም የተሠሩት ውሃውን ከፏፏቴው በላይ እንዲጠልፉ ነው። በ2010 ደግሞ ጣና በለስ የተባለው ማመንጫ መጣና ውሃውን ከጣና ሐይቅ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ መውሰድ ጀመረ። ከታኅሣሥ በኋላ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ቀጭን ጅረት ነው። ከፍተኛው ሙላት ነሐሴና መስከረም ነው፣ በነሐሴ ደግሞ ተማሪ የለም። ስለዚህ ለትምህርት ቤት የሚሆነው ጊዜ ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 20 አካባቢ ነው። መስከረም መጀመሪያ ላይ ውሃው ይበልጣል፣ ጭቃውም ይበልጣል፤ አዲስ የገቡት ልጆች ደግሞ ገና ስማቸው እንኳ በደንብ አልተያዘም። እኔ ጥቅምት መጀመሪያን እመርጣለሁ።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመኪና ከወረዳችሁ በኋላ በእግር ነው፤ ቁልቁል ወደ አላታ ድልድይ፣ ከዚያ ዳገቱን ወደ መመልከቻው። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ የታሪክ መምህሩ 15 ደቂቃ ይውሰድበት፣ ግን ድልድዩ ላይ ሳይሆን ካለፉ በኋላ፣ ሌላውም መንገደኛ ነውና። ተንጠልጣዩን የብረት ድልድይ በአንድ ጊዜ 10 ልጅ ብቻ ይለፈው፤ መሮጥና ማወዛወዝ ክልክል። ፏፏቴው ሥር ያለው ድንጋይ በውሃው ርጭት ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ሰው የሚወድቀው ፎቶ ሲነሣ ወደ ኋላ ሲራመድ ነው። ለፎቶ የሚቆሙበትን ቦታ አንድ መምህር ቀድሞ ይምረጥና በዱላ መስመር ያስምር። ሸበጥ አድርጎ የመጣ ልጅ ከግቢ በር ይመለስና ጫማ ያድርግ።

ረዳት ወንበር

ስለ መኪና። 60 ልጅ፣ 6 አዋቂ፣ ሾፌርና ረዳት 68 ሰው ነው። «አንድ ትልቅ አውቶቡስ ይበቃል» የሚላችሁ ካለ ትርፍ ሊጭን ነው። አንድ አውቶቡስና አንድ ሚኒባስ ያዙ። ሚኒባሱ ሁልጊዜ ከኋላ ይሂድ፤ ውሃው፣ የመድኃኒት ሣጥኑና አንድ አዋቂ እሱ ላይ ይሁኑ። አንድ ልጅ ቢታመም አውቶቡሱ ጉዞውን ይቀጥላል፣ ሚኒባሱ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፣ ሦስት ሰው ማለት ነው፤ ስለዚህ የሚኒባሱን የኋላ ወንበር ሰው አትጫኑበት።

ውሉ ላይ ነዳጅ፣ የሾፌር ምግብ፣ የመኪና ማቆሚያና የመመለሻ ሰዓት ተጽፎ ይፈረም። ጠብ የሚነሣው ከዋጋው አይደለም፣ «ቆይታችኋል» ከሚለው ነው። የመንገዱን ደኅንነት ከጉዞው ሦስት ቀን በፊትና በዋዜማው ማታ ከምትሄዱበት ወረዳ ጠይቁ። የተጠራጠራችሁ ቀን ጉዞው ይቅር፤ ለዚያ ቀን የተጋገረው ዳቦ ግቢ ውስጥ ይበላል።

ቆጠራ። ስድስት ምድብ፣ በየምድቡ 10 ልጅ፣ ምድቡ ደግሞ አምስት ጥንድ። «60 ሞልቷል?» ብሎ መቁጠር ያታልላል፤ አንድ ልጅ ወንዝ ዳር ቀርቶ አንድ የሰፈር ልጅ መሐል ገብቶ 60 ይሞላል። ስም ይጠራ። «የጎደለ አለ?» የሚለውም ጥያቄ አይጠቅምም፣ የጎደለው መልስ አይሰጥምና። እያንዳንዱን «ጥንድህ የታለ?» በሉት። የሚቆጠረው በግቢ በር፣ መኪና ላይ፣ ከእያንዳንዱ መውረድ በኋላ፣ ምግብ ሲያበቃ፣ ከጀልባ በፊትና በኋላ ነው። አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም በስም መጥራቱ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም።

ጓዳ

ስንቅ ከግቢ ይያዝ። መንገድ ላይ ምግብ ቤት 68 ሰው ሲገባበት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ግማሹ በልቶ ሲጨርስ ግማሹ ገና እጁን እየታጠበ ነው። ወጡም ስንት ሰዓት ድስት ውስጥ እንደቆየ አታውቁትም።

ለ68 ሰው ምሳ ድፎ ዳቦ፦ ከ3 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 4.2 ኪሎ ያህል ዳቦ ይወጣል፤ በ300 ግራም ሲቆረስ 14 ቁራሽ ነው። አምስት ድፎ 70 ቁራሽ ይሰጣል፣ ዱቄቱ 15 ኪሎ። ሊጡ በዋዜማው ማለዳ ይቦካ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ተጋግሮ ይውጣ፣ በሰፌድ ላይ በነጠላ ተሸፍኖ ሌሊቱን ይብረድ። ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ማታ ተጋግሮ በትኩሱ ፌስታል ውስጥ ይታሰራል። ላቡ ተመልሶ ዳቦው ላይ ይወርድበታል፤ ጠዋት ቅርፊቱ ልሟል፣ በማግሥቱ ሻግቷል። ኮባ የሚገኝበት አገር ናችሁ፣ በኮባ ጋግሩት፤ ሥሩም አያርም፣ ስትይዙትም ቅጠሉ መጠቅለያ ይሆናል።

ቆሎ ለአንድ ልጅ 120 ግራም፣ በጠቅላላው ከ8 ኪሎ ትንሽ በላይ። ገብስና ሽምብራው ለየብቻ ይቆላ፣ አንድ ላይ ከተቆላ ገብሱ ሲያር ሽምብራው ገና ጥሬ ነው። በሶ 100 ግራም በነፍስ ወከፍ፣ ወደ 7 ኪሎ፤ ጨውና በርበሬው ግቢ ውስጥ ይቀላቀልና ዱቄቱ በደረቁ ይያዝ። ጭብጦው እዚያው ውሃው ጠብ ጠብ እየተደረገበት ይጨበጥ። ከግቢ ተጨብጦ ከሄደ ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ድንጋይ ነው።

ፍትፍት በባልዲ መያዝ የሚወድ ወጥ ቤት አለ። ተዉት፤ ተከድኖ ፀሐይ ላይ ሦስት ሰዓት ከቆየ ይኮመጥጣል።

ውሃ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ያህል፣ ባለ 20 ሊትር 10 ጀሪካን። ጀሪካኖቹ ዘይት ወይም ጋዝ ያልነካቸው ይሁኑ፣ በዋዜማው በሳሙና ይታጠቡ። የቧንቧ ውሃ ካልሆነ ተፈልቶ ይቅዘቅዝ፣ ወይም ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨመርበትና 30 ደቂቃ ይቆይ። የደፈረሰ ውሃ መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል።

ነጭ ጋዋን

እትዬ ጓዳ ውሃውን ከጻፉልኝ እኔ በሽታውን ልጻፍ።

ወላጅ በምዝገባ ቀን አንድ ቅጽ ይሙላ፦ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ የሚወስደው መድኃኒት። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከጉዞ አይቀርም፤ ጀልባ ላይና ገደል ዳር ግን አዋቂ አጠገቡ ይቀመጣል፣ የጠዋት መድኃኒቱን ሳይወስድ መኪና አይወጣም።

ሣጥኑ ውስጥ፦ ጓንት፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ሳሙና፣ ፓራሲታሞል፣ 20 ከረጢት ኦ አር ኤስ (ለተቅማጥና ለትውከት በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት፣ አንዱ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ)። መኪና የሚያስመልሳቸው ልጆች ከፊት ይቀመጡ፣ ቁርሳቸው ቀለል ያለ ይሁን፤ ፌስታል አስቀድሞ እጃቸው ላይ ይሰጥ እንጂ «ሲመጣ ይነግሩናል» አይባልም።

ወባ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ጣና ዙሪያና ዓባይ ሸለቆ ዋናው ወቅቷ ነው፤ ይህ ደግሞ ከጢስ ዓባይ ጉዞ ጋር ይገጥማል። ትንኟ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ጀንበር ሳትጠልቅ ከቆላው ውጡ። ከደጋ የመጡ ልጆች ወባን ስለማያውቋት ይበልጥ ትጎዳቸዋለች። ከጉዞው በኋላ እስከ አንድ ወር ድረስ ትኩሳት ያመጣ ልጅ «ብርድ ነው» ተብሎ መኝታ ቤት አይተኛ፣ በዚያው ቀን ደሙ ይታይ።

የመኝታ ቤት ተጠሪ

በጣም እናመሰግናለን። አንድ ጥያቄ፦ ዘጌ ላይ ልጆቹ መዋኘት ይፈልጋሉ። ግማሾቹ ጣና ዳር ያደጉ ናቸው፣ ዋና ይችላሉ። ዳር ዳሩን ብቻ ቢሆንስ?

ነጭ ጋዋን

ይልቁንስ ዳር ዳሩ ነው የባሰው። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ጥልቁ ውስጥ ሳይሆን ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፤ ጣና ዙሪያ ደግሞ በሽታው አለ። ትሉ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ይገባል፣ ቆዳው መቁሰል አያስፈልገውም። እግር መታጠብም፣ ጉልበት ድረስ መግባትም ያው ነው። ድንገት የገባ ልጅ ወዲያው በፎጣ አጥብቆ ይድረቅ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ሰገራው ይመርመር። ቀድሞ መመርመሩ ዋጋ የለውም፣ እንቁላሉ ገና አይታይም።

ጣና ዳር

ጉማሬውንም ጨምሩበት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ አለ። ዋና አይሁን።

ዘጌ ራሱ ግን ግሩም ነው። በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በመኪናም ይገባል። ጀልባ ካላችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ተነሥታችሁ ከቀትር በፊት ተመለሱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋል፣ ማዕበሉ የሚመታው ስትመለሱ ነው። ዋጋ ሳትነጋገሩ ሕይወት አድን ጃኬቱን ቁጠሩ፤ በልጅ ቁጥር ልክ ካልሆነ ሌላ ጀልባ። ጃኬቱ ከመቀመጫ ሥር ተጥሎ አይደለም፣ ተለብሶና ማሰሪያው ተቆልፎ ነው የሚጠቅመው።

ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምንና በትረ ማርያምን በእግር በቡና ጫካው ውስጥ ታዳርሳላችሁ። ወንዶች ስለሆናችሁ ሴት የማይገባበትን ክብራን ገብርኤልንም መጨመር ትችላላችሁ፤ አብራችሁ የምትሄድ ሴት ባልደረባ ካለች ግን ጀልባ ላይ ብቻዋን አታስቀምጧት፣ ያንን ደሴት ተዉት። ዳቦ በእጅ ይዞ ጫካ ውስጥ መሄድ አይሆንም፣ ጦጣ ይነጥቃል፤ የተነጠቀ ልጅ ደግሞ ሊያስመልስ ይሮጣል፣ ይነከሳል።

አኮፋዳ

ስለ ምድቡ የአብነት ትምህርት ቤቱን ሥርዓት ብታዩት መልሱ እዚያ ነው። ጎጃም እኮ የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ ሰፈር ሲወርድ ታናሹ ብቻውን አይላክም። ነባሩ ያወርደዋል፤ የትኛው ቤት ውሻ እንዳለው፣ የትኛው መንደር «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል ቶሎ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ወንዝ ከሰዓት እንደሚሞላ የሚያውቀው ነባሩ ነው። የተገኘው ቁራሽ አንድ ላይ ይሆንና ይካፈላል። ውሃው፣ እንጨቱ፣ ጎጆ መጥረጉ በተራ ነው። ትምህርቱም እንዲሁ፦ የኔታ ለሁሉም አይደርሱም፣ የቀደመው የተከተለውን ያስቀጽላል።

ስለዚህ ተደባልቀው ይመደቡ። ከ12ኛ ሁለት፣ ከ11ኛ ሁለት፣ ከ10ኛ ሦስት፣ ከ9ኛ ሦስት፤ ጥንዱም ከላይኛውና ከታችኛው ክፍል ይሁን። በክፍል ከመደባችሁ የ9ኛ ክፍሉ ምድብ መንገድ የሚያውቅ አንድም ልጅ አይኖረውም።

ጠመኔ

አያ አኮፋዳ፣ ነገሩ መልካም ነው፣ ግን ጉድለቱንም እንናገር። አዳሪ ቤት ውስጥ ታላቅና ታናሽ ሲጣመር ታናሹ ጭነት ተሸካሚ ይሆናል። የ12ኛው እጁን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል፣ የ9ኛው ሁለት ጆንያ ይሸከማል። ከዚያም አልፎ ቁራሹን ይወስድበታል፣ ካልሲውን ያሳጥበዋል። «ወግ ነው» ሲባል ዓመቱን ሙሉ ይቀጥላል።

አኮፋዳ

እውነት ነው፤ የቆሎ ተማሪውም ቤት ይህ ነበር፣ አሁንም አለ። መድኃኒቱ ሸክሙን በጽሑፍ መመደብ ነው። ለእያንዳንዱ ምድብ ዝርዝር ይውጣ፤ ማን ምን እንደሚይዝ ስሙ አጠገብ። ከባዱ ለትልቁ። ምግቡን የምድቡ አለቃ ያድላል፣ እሱ ግን መጨረሻ ይወስዳል። አለቃነቱም በየጉዞው ይለወጥ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰው ላይ አይርጋ።

ጠመኔ

በዚህ ከሆነ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የጉዞ መዋጮ በምድብ አይሰብሰብ። መክፈል ያልቻለው ልጅ በጓደኞቹ ፊት ይታወቃል፣ ከዚያ «አሞኛል» ብሎ ይቀራል። ሒሳብ ክፍሉ ለብቻ ይቀበል፣ የጎደለው ከግቢው አትክልት ሽያጭ ይሞላ፤ የስም ዝርዝሩ ላይ «የከፈለ» የሚል ዓምድ አይኑር።

ጮቄ በር

ጮቄን ከኅዳር እስከ የካቲት። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 ነው፣ ልዩነቱን አስሉት። ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ይወጣል። ቆላ ያደገ ልጅ ሲሮጥ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ያመመው ይቀመጥ ሳይሆን ይውረድ፤ 500 ሜትር ዝቅ ማለት ከማንኛውም ክኒን ይሻላል። እግር ኳስ ወስዶ እዚያ መጫወት የሚያስቡ አሉ፣ አይሆንም።

ጠዋት ጠርቶ ያያችሁት ሰማይ ከቀትር በኋላ ይደፈናል፤ ጉም ሲወርድ 20 እርምጃ አያሳይም። ከ7 ሰዓት በፊት መኪና ላይ ሁኑ። ለእያንዳንዱ ልጅ ጋቢና ተለዋጭ ካልሲ። ጂብራውን እንዳይቆርጡ፣ አስታውን ለማገዶ እንዳይሰብሩ ይነገራቸው፤ ጂብራ አንድ ጊዜ ብቻ አብባ የምትሞት ናት፣ እዚያ ቁመት እስክትደርስ ዓመታት ይፈጅባታል። የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መምህር ያለበት ጉዞ ነው፤ ከስንዴና ገብስ ማሳ ወደ ድንች፣ ከድንች ወደ አስታ፣ ከአስታ ወደ ጓሣ ሲለወጥ በአንድ ጧት ያዩታል።

ዘንገና ቀላሉ ነው፣ እንጅባራ አጠገብ ከአስፋልቱ ዳር። ክብ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፤ ከዳርቻው አንድ እርምጃ ከገቡ በኋላ መቆሚያ የለውም፣ ወዲያው ገደል ነው። ኳስ ውሃ ውስጥ ከገባ ኳሱ ይቅር። ጥር 23 እንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ስለሆነ ዘንገናን ከዚያ ጋር ብታገጥሙት ልጆቹ ትርኢቱንም ያያሉ፤ ግን ከጧቱ 2 ሰዓት በፊት ካልገባችሁ መኪና ማቆሚያ የለም፣ ልጆቹም ከፈረስ መሮጫው መስመር ኋላ ይሁኑ።

ጓዳ

ጥር 23 ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ ጾም መሆኑን አስቡ። ለጉዞ ቀን ሰሌዳው ሲወጣ ጓዳ ይጠየቅ። ከኅዳር 15 እስከ ገና ነቢያት ነው፣ ቀጥሎ ዐቢይ ጾም ይመጣል፤ እንቁላል ቀቅላችሁ ይዛችሁ ግማሹ ሳይበላ ይመለሳል። ስለዚህ የጉዞ ስንቅ ሁሌም የጾም ይሁን፣ ለሁሉም ይሆናል። ለበዓል በሬ ወይም በግ ሲታረድ ለሙስሊም ተማሪዎች በራሳቸው ሰው ለብቻ ይታረድ፣ ድስቱም ቢላዋውም ይለይ። ይህ በፊት ካልተነገረ በዓሉ ቀን ጭቅጭቅ ነው።

ጠመኔ

በዓላቱን ባጭሩ።

ደመራ መስከረም 16 ማታ የሚለኮስበትም 17 ማለዳ የሚለኮስበትም አለ፤ የአጥቢያውን ተከተሉ። ግቢ ውስጥ ከሆነ ከመኝታ ቤትና ከባሕር ዛፍ 30 ሜትር ይራቅ፣ ቁመቱ ከ4 ሜትር አይብለጥ፣ ሁለት በርሜል ውሃ ይቅረብ። ችቦው በሦስት ቦታ በእርጥብ ልጥ ይታሰር፤ በሲባጎ ከታሰረ ሲቃጠል ይፈታና የጋለው እጅ ላይ ይበተናል። የናይለን ቱታ የለበሰ ልጅ ችቦ አይያዝ፣ ናይለን ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ደመራው ሲወድቅ አመዱን ለግንባር ምልክት ለመውሰድ ልጆች ይሻማሉ፤ ፍሙ በዱላ ተለይቶ አንድ ሰው ያድል።

ገና ጨዋታ ከ15 በላይ ልጅ በአንድ ወገን አይሁን። ዱላው ጫፉ የቆለመመ፣ ከወገብ በላይ አይነሣም፤ ከዚያ በላይ ያነሣ ይወጣል። ጥርስ የሚሰበረው በጥንጓ ሳይሆን በዱላው ነው።

ጥምቀት ላይ ነጭ ልብስ ሁሉም ስለሚለብስ ልጃችሁን ከሕዝቡ አትለዩትም። አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ክር አንጓው ላይ ይታሰር፣ ካናቴራ ከማሳተም ይረክሳል። መገናኛው ከሕዝቡ ውጭ ያለ የማይንቀሳቀስ ሕንፃ ይሁን፤ «ታቦቱ ያለበት» ከተባለ ታቦቱ ይሄዳል።

ነጭ ጋዋን

የመመለሻውን ማታ ማንም አልጻፈም። ልጆቹ ደክመው ከነልብሳቸው ይተኛሉ፣ ከሳምንታት በኋላ እከክና ቅማል መኝታ ቤቱን ያዳርሳል። ለዚያ ማታ ሙቅ ውሃ ቀድሞ ይጣድ፤ እግርና እጅ ይታጠብ፣ የጉዞ ልብስ በአንድ ጆንያ ይግባ። በማግሥቱ ቅዳሜ ከሆነ ልብሱ ይፈላ፣ ፍራሹ ፀሐይ ላይ ይውጣ፣ የአልጋው ስንጥቅ ለትኋን ይታይ። ጉዞው ዓርብ ቢሆን የሚሻለው ለዚህ ነው፤ እሑድ ከሄዳችሁ ሰኞ ክፍል ውስጥ ይተኛሉ።

የመኝታ ቤት ተጠሪ

ዓርብ ተይዟል። ጢስ ዓባይ ጥቅምት መጀመሪያ፣ ዘጌ ኅዳር፣ ዘንገና ጥር፣ ጮቄ የካቲት፤ ምድቡ ተደባልቆ፣ ሸክሙ በጽሑፍ። እትዬ ጓዳ፣ ጭብጦው ላይ የጾም ዘይት ለ7 ኪሎ በሶ ስንት ይበቃል?

ጓዳ

ግማሽ ሊትር። ኑግ ዘይት ከሆነ አስቀድሞ አግሉትና ይብረድ። እሱንም እንደ ውሃው እዚያው ጨምሩት።